ብድር የሌለው ወንፈል

አልጣሽ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚነቃው ዓይኗ ነበር። እጅና እግሯ ገና እንደ ተኙ ናቸው። ያን ጊዜ አትንቀሳቀስም። ከፈጠም ወንዝ የተነሳው ጉም በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ቤቱን ሲሞላው እያየች፣ መደቡ ከሥሯ ተነቅሎ እንደ ታንኳ ቀስ እያለ የሚሄድ ይመስላታል። ሕመሙ እስኪነሳ ድረስ ያለችው ያቺ ጥቂት ጊዜ ከቀኑ ሁሉ የምትወዳት ነበረች። በዚያች ሰዓት ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ ነው። እንስራው ሞልቷል፤ ቤቱ ተጠርጓል፤ መጁ ማንም ሳይነካው ወፍጮው ላይ እየተመላለሰ ገብሱን ያልማል። ባሏ ክንፈሚካኤል ከደጅ ቆሞ የጋቢውን ጤዛ ያራግፋል። ከዚያ ጣቶቿን ልታጥፍ ትሞክራለች፤ ሁሉም እንደ ጉሙ ብትን ይላል።

ቁርጥማቱ የጀመራት ጣልያን ቡሬ በገባ ዓመት ክረምት ነው። አስቀድሞ የጣቶቿ አንጓ አበጠ፤ ቀጥሎ ክንዷ፣ ኋላም ጉልበቷ። «ብርድ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይለቀኛል» አለች። ፀሐይ ወጣ፣ አዝመራው ታጨደ፣ ዳግመኛ ክረምት ገባ፤ ሕመሙ ግን ቤት እንደ ለመደ እንግዳ አልሄድም አለ። ጠበል ተጠመቀች። ጠበሉ ሲወርድባት ቀለል ይላታል፤ ዳገቱን ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ደህና ሴት ሆና ትውላለች። አንዳንድ ቀን የመቀነቷን ጫፍ መቋጠር ያቅታታል። ነገ የትኛዋ ሆና እንደምትነሳ ራሷም አታውቅም ነበርና፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት ይኸው ነው።

በቤቱ ሌላ ሰው የለም። ልጅ አልሰጣቸውም፤ አማቷም ካረፉ ቆይተዋል። ክንፈሚካኤል ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል። ለባንዳ ጆሮ ሲባል ግን መንደሩ ሁሉ «ለንግድ ወለጋ ተሻግሮ በዚያው ቀረ» ይል ነበር።

አልጣሽ በመንደሩ ስሟ የተጠራው በወፍጮ ነው። «የአልጣሽ ዱቄት ወንፊት አይፈልግም» ይሉላት ነበር። ሰርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ ወንፈል ሲጠራ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ከፈጨሽ ነገ ለአንች እፈጫለሁ። እጇ ከያዛት ወዲህ አልጣሽ ይኸን ስታስብ አንገቷን ትደፋለች። «የማልመልሰውን እንዴት ብዬ እወስዳለሁ?» ትላለች ለራሷ። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር ኑሮዋን በዘዴ ያዘችው። እንስራውን ትታ በትንሽ ቅል ውኃ ትቀዳለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ምንጭ ሳይወርዱ ቀድማ፣ ቅሏን በክንዷ አቅፋ፣ ደጋግማ ትመላለሳለች። ይዛ ከመደቡ የምትነሳበት የቆዳ ጠፍር ከምሰሶው ጋር አስራለች። ቁጭ ብላ፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ትጠርጋለች። ላሟን የምታልበው በአውራ ጣቷና በመዳፏ ጠርዝ ነው፤ ላሚቱም የዋህ ሆና ትታገሳታለች። ወንፈል ሲጠራ «ዛሬ ራሴን አሞኛል»፣ «ዛሬ የሩቅ ለቅሶ አለብኝ» እያለች ቀረች። ውሎ አድሮ መጥራቱንም ተዉት።

ጎረቤቷ ሸጋዬ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሰላምታዋ አጭር እየሆነ መጣ። አልጣሽ ይኸንን አስተውላለች። ግን ምን ትበል?

በኅዳር መባቻ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መምሬ ወልደ ዮሐንስ በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ጠሯት። መምሬ የመንደሩ ቄስ ናቸው፤ ከአርበኞቹ ጋር መንደሩን የሚያገናኙትም እሳቸው እንደ ሆኑ የሚያውቅ ያውቃል።

«ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ብር ወንዝ ማዶ ሰፍረዋል» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስንቅ የላቸውም። ገብስ ከየቤቱ እናዋጣለን። በሶውን ግን አንድ ቤት ቢፈጭ ይሻላል፤ ወሬው አይበተንም። ያንች ቤት ሁለት ወፍጮ አለ። እጅሽም እጅ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል?»

አልጣሽ እጆቿን በነጠላዋ ሥር ደበቀች። «ይደርሳል አባ» አለች። አፏ ከልቧ ቀድሞ ነበር የተናገረው።

ገብሱ መጣ። በጭድ ተሸፍኖ፣ በአህያ፣ በጀርባ፣ እየተንጠባጠበ መጥቶ ጓዳዋን ሞላው። አልጣሽ የመጀመሪያውን ቀን ቆልታ ዋለች። ማማሰያውን በሁለት መዳፏ መካከል አጣብቃ፣ በብብቷ ደግፋ ቆላችው። በማግሥቱ ወፍጮው ፊት ተንበረከከች። መጁን መጨበጥ አልቻለችም። በክንዷ ገፋችው። እስከ ቀትር ስትገፋ የክርኗ ቆዳ ተልጦ መጁን ደም ነካው፤ ዱቄቱ ግን እፍኝ አይሞላም። ከገብሱ ክምር አጠገብ ጋደም አለች። የቆሎው ሽታ፣ ሙቀቱና ድካሙ ተደባልቀው ወሰዷት። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና አማቷን አየቻቸው፤ በሁለተኛው ወፍጮ ላይ አጎንብሰው ይፈጫሉ፤ ዱቄቱ እንደ አመዳይ ይዘንባል፤ «በይ ያዢ እንጂ» ይሏታል፤ እሷም እጇን ስትዘረጋ እጇ ጉም ነው።

የነቃችው በአህያ ኮቴ ነው። ኡምሀኒ ነበረች፤ ከቡሬ ገበያ ጨውና ጥጥ ጭና በየመንደሩ የምትዞር ነጋዴ። አልጣሽ እሷን ከሙሽርነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ኡምሀኒ ትንፋሽ የሚያጥር ሕመም አለባት። ዳገት ስትወጣ ደረቷ እንደ ወናፍ ይጮኻል።

«እሰይ፣ አለሽ!» አለች ከደጅ ቆማ፣ ትንፋሿን እየለቀመች። «እስቲ ነይ፣ ይች ጭነት አዘመመችብኝ። እኔ ወዲህ ስጠብቅ አንች በዚያ በኩል ደግፊልኝ። ብቻዬን አልችላትም።»

አልጣሽ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰበብ ታገኝ ነበር፤ አሁን ግን ገና ከሕልሟ አልወጣችም። ጭነቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጣቶቿ ሲለቁ ታወቃት። አሞሌው ከነማሰሪያው ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ።

ሁለቱም ጨዉን ተመለከቱ። ኡምሀኒ ግን ቶሎ ከጨዉ ዓይኗን አነሳች። የአልጣሽን እጅ ያዘችና ገለበጠችው። አንጓዎቹን አየች፤ የተላጠውን ክርን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ማን ያውቃል?»

አልጣሽ እጇን ልታላቅቅ ሳበች።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«መድኃኒትማ የለውም፤ ጠበሉንም ሥሩንም ሞክሬዋለሁ» አለች አልጣሽ።

«ሥር መች አልኩሽ» አለች ኡምሀኒ። የቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «የኔም አይድንም። አላህ እንዲህ አድርጎ ሰጠኝ። ግን አየሽ፣ በየዳገቱ ሥር እቆምና አላፊውን ‹ወንድሜ፣ አህያዬን ንዳልኝ› እላለሁ። አንዳንዱ ያልፈኛል። አንዳንዱ ይነዳልኛል። ሁለቱም ቢሆን አልሞትኩም። አፌን ዘግቼ ዳገቱን ብቻዬን ብወጣ ግን እሞት ነበር።»

«አንች ትነግጃለሽ፣ ለሰው ትጠቅሚያለሽ። እኔ ብድሩን በምን እመልሳለሁ?»

ኡምሀኒ ሳቀች፤ ሳቋም ሳል ሆነ። «እነዚያ አህያዬን የነዱልኝን ዳግመኛ አይቻቸው አላውቅም እኮ! ማን ለማን እንደሚመልስ ይኸ የላይኛው ጌታ ሥራ ነው።» ስትሄድ የተሰበረውን አሞሌ አላነሳችም። «ለወጥሽ ይሁን» ብላ አህያዋን ነዳች።

አልጣሽ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሸጋዬ ቤት ተነሳች። ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ መንገዱ ግን ያን ቀን ረዘመባት። የገብስ ገለባ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ፀሐዩ በወንዙ በኩል እየወረደ ሜዳውን ማር አስመስሎታል። ከአጥሩ በር ደርሳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ከግቢዋ ኩበት እየለቀመች የነበረችው ሸጋዬ አየቻትና ቀና አለች።

«ምነው አልጣሽ፣ መንገድ ጠፋሽ?»

«ደህና ነሽ ወይ ልል ነው። ዘንድሮ ገብሱ መልካም ነው።»

«መልካም ነው።»

«ብርዱም በረታ።»

«በረታ» አለች ሸጋዬ፤ ኩበቷን መልቀም ቀጠለች።

አልጣሽ ነገሯን በዙሪያው ስታዞረው ቆየች። «እጅ ቢኖር ሥራው ቀላል ነበር፤ እጅ ግን እንደ ሰው ልብ ነው፣ ይከዳል» አለች። ሸጋዬ የክንፈሚካኤልን ነገር መስሏት «አይዞሽ፣ ይመለሳል» አለቻት። ሸጋዬ ዞር ልትል ስትል ግን ቃሉ ከአልጣሽ አፍ ወጣ።

«ሸጋዬ፣ እርጅኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። መጅ መጨበጥ ካቃተኝ ዓመት አልፎኛል። የመምሬን ገብስ እፈጫለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። ብቻዬን አልችልም።» እጆቿን ከነጠላው ሥር አወጣቻቸው። የቀን ብርሃን ላይ ለሰው ስታወጣቸው ይኸ ሁለተኛው ነበር።

ሸጋዬ ኩበቱን ጣለችው። ቀርባ አንጓዎቹን አየች። ከዚያ ፊቷ ተቆጣ።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ? እኔ እኮ ኮርተሽ መስሎኝ! ወንፈላችን ቀሎብሽ፣ ባልሽ ጀግና ስለ ሆነ እኛን የናቅሽን መስሎኝ! ሴቶቹ ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉሽ።» ዓይኗ ውኃ ሞላ። «አፍ የለሽም እንዴ አንች?»

«አልነበረኝም» አለች አልጣሽ።

በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ። ሸጋዬ ነበረች የሰበሰበቻቸው፤ ባልቴቷ እሜቴ ደስታነሽ ሳይቀሩ ሙቀጫቸውን አስይዘው መጡ። ሁለቱ ይፈጫሉ፣ ሁለቱ ይሸከሽካሉ፣ ሌሎቹ በስፌድ ያንገዋልላሉ። የሁለቱ ወፍጮ ድምፅ አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመለስ፣ ቤቱ የሚተነፍስ መሰለ። አልጣሽ መጀመሪያ ከጥግ ቆማ ተጨነቀች። ውኃ ላቅርብ ትላለች፤ ቅሉን ሲቀሟት ትደነግጣለች። «ተቀመጭ፤ ቁልቁል አትዪን» አሏት እሜቴ ደስታነሽ። ተቀመጠች። እንዲያ ተቀምጣ ሌላ ሰው በቤቷ ሲሠራ ማየት ከመፍጨት የበለጠ ከባድ ሥራ ሆነባት። ቀስ በቀስ ግን የዱቄቱ ብናኝ በበሩ ብርሃን ውስጥ ሲጫወት እያየች፣ ልቧ እንደዚያች እንደ ማለዳዋ ሰዓት ላላ አለ። ልዩነቱ፣ አሁን ዓይኗ የነቃ ነው፤ ሥራውም በእውነት እየተሠራ ነው።

«አንች፣ እጅሽ ቢታመም ጉሮሮሽ አልታመመም» አለቻት ሸጋዬ ከወፍጮው ቀና ብላ። «በይ በይልን!»

አልጣሽ አፍራ ሳቀች። ከዚያ የወፍጮውን አካሄድ ተከትላ አንጎራጎረች፦

«ብቻዬን ብፈጨው ገብሱ አልልም አለኝ፣
ሴቶቹ ሲመጡ ወፍጮው ዘፈነልኝ።»

እሜቴ ደስታነሽ «አልልም» የሚለውን ሁለት ትርጉሙን፣ አለመላምንም አለመናገርንም፣ ፈጥነው አገኙት። «አልልም ያለው ገብሱ ነው ወይስ አፍሽ?» ሲሏት ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ገና አላባራም ነበር፣ ውሻ ጮኸ። ከቡሬ ምሽግ የሚወጡ ባንዶች ናቸው፤ ጠመንጃ ያነገቡ፣ አለቃቸው ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ በቅሎ የተቀመጠ። በቅሎዋን ከደጅ ትቶ ገባ። ወፍጮው ጸጥ አለ።

«ይኸ ሁሉ በሶ ለማን ነው?» አለ አለቃው።

ሸጋዬ የአልጣሽን ፊት አየች። አልጣሽ ጠፍሩን ይዛ ከመደቡ ተነሳች።

«የቤቴ ቀለብ ነው ጌታው» አለች። «እኔ ሕመምተኛ ነኝ። እጄ አይፈጭም። ጎረቤቶቼ ባንድ ቀን ፈጭተው የበጋውን ያስቀምጡልኛል። ሰው የለኝም፤ እነሱ ናቸው ሰዎቼ።»

«ባልሽስ?»

«ወለጋ ሄዶ ቀረ። ቢኖር መች እንዲህ እሆን ነበር?»

ሰውየው ወፍጮው ላይ የነበረውን መጅ በግራ እጁ አንስቶ ሰጣት። «እስቲ ፍጪ።»

አልጣሽ ተንበረከከች። በሁሉም ፊት እጇን ዘረጋች። ልታስመስል አላስፈለጋትም። ጣቶቿ መጁ ላይ አረፉ እንጂ ሊጨብጡት አልቻሉም። ገፋችው፤ ተንከባሎ ወረደ። ዳግመኛ አንስታ ልትሞክር ስትል «ተይው» አላት።

ሌሎቹን ባንዶች «ግቢውን ፈትሹ» ብሎ አስወጣቸው። ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ቀንሶ ጠየቃት። «ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስብሽ?»

አልጣሽ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ቀኝ እጁ ካፖርቱ ውስጥ ነበር። ከገባ ጀምሮ አላወጣውም።

«ጠዋት ነው» አለችው። «ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ትንሽ ይላላል።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ። የቀረውን...» ቆም አለች። «የቀረውን ሰው እለምናለሁ፤ ትናንት ጀመርኩ።»

ሰውየው ካፖርቱን ወደ ቀኙ ሰበሰበ። ቀና ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገና «ሴት ብቻ ነው ያለው! እንሂድ!» ብሎ ጮኸ። ከባንዶቹ አንዱ ሁለት ዶሮ ይዞ ወጣ፤ በሶውን የነካው የለም።

አልጣሽ ከበሩ ቆማ ሲሄዱ አየች። አለቃው የበቅሎዋን ኮርቻ በግራ እጁ ያዘ፤ እግሩን ከእርካቡ አስገብቶ ሊነሳ ቃጣ፤ አልሆነለትም። ሰዎቹ ይመለከቱታል። አንዱ ወደ እሱ ቀረብ ሲል በዓይኑ መለሰው። ከዚያ እንዳሰበበት ሁሉ ልጓሙን ይዞ በእግሩ መሄድ ጀመረ። በቅሎዋ ከኋላው፣ ጭነት እንደሌላት፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ተከተለችው። አልጣሽ «ጌታው፣ ያግዙዎት በሏቸው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ጠላት ነው፤ ዋጠችው። ዋርካውን አልፈው ገለባው በሚንሳፈፍበት ብርሃን ውስጥ እስኪሟሙ ድረስ ግን ከበሩ አልተነሳችም።

«ምን አለሽ?» አለቻት ሸጋዬ።

«ስለ ብርዱ ጠየቀኝ» አለች አልጣሽ።

በሶው ለኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ስልቻ ስልቻው በመምሬ ወልደ ዮሐንስ በኩል ወንዙን ተሻገረ። ቁርጥማቱ ግን የትም አልሄደም። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በየተራ ሊፈጩላት ይመጡ ጀመር፤ ውኃዋን የሸጋዬ ልጆች ይቀዱላታል። መልመዱ ቀላል አልሆነላትም። አንዳንዴ ተቆጥታ ታባርራቸዋለች፤ ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች፤ በማግሥቱ አጥሩ ጋ ሄዳ «ነይልኝ» ትላለች። ከሴቶቹም አንዷ ሰልችታ ቀረች፤ አልጣሽ አልተቀየመቻትም። ኡምሀኒ የነገረቻትን አስታወሰች፤ አንዳንዱ ያልፋል፣ አንዳንዱ ይነዳል።

ጣልያን ከቡሬ ሲወጣ በጋው እያለቀ ነበር። ክንፈሚካኤል ፀጉሩ አድጎ፣ ከስቶ፣ አንድ ረፋድ ላይ ከግቢው ገባ። አልጣሽ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። አየችው፤ ሕልም መሰላት፤ ግድግዳውን ተደግፋ እስክትነሳ ግን ሕልሙ አልጠፋም። ሊያቅፋት ሲመጣ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አስቆመችው።

«ቆይ። መጀመሪያ ይኸን እይ» አለችው። «ያችን ትተሃት የሄድካትን ሴት አታገኛትም። ብዙ ነገር አልችልም። የማልችለውን እነግርሃለሁ፤ አንተም አትደንግጥ።»

ክንፈሚካኤል እጆቿን በሁለት እጁ ያዘ። መዳፉ በጠመንጃ ሻክሮ ነበር። «ምን ላድርግ?» አላት።

እንደ ድሮዋ ቢሆን «ምንም፣ አንተ ብቻ ግባ» ትለው ነበር።

«ውኃ የለኝም» አለችው። «የሚቀዱልኝ የሸጋዬ ልጆች ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ምንጭ ወርደህ ቅዳልኝ።»

ወንድ እንስራ ይዞ ምንጭ ሲወርድ በዚያ መንደር ታይቶ አይታወቅም። ክንፈሚካኤል እንስራውን አየ፤ ደጁን አየ፤ ምንጩ ጋ የተሰበሰቡትን ሴቶች ድምፅ ሰማ። ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደገፈ።

«እንዴት ነው የሚታዘለው?» አለ።

አልጣሽ ማዘያውን በትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያሳልፈው በቃል አስረዳችው። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሁለት ጊዜ አረመችው። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ። ከምንጩ በኩል ሳቅና እልልታ ተደባልቆ ሲሰማ፣ አልጣሽ ዓይኗን ጨፍና ፀሐዩን መሞቅ ቀጠለች።